ኋለኛውን ሰው ጠብቁት

ባለፈው ሰሞን በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ ላይ የሚገኝ ወጣት ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር። ሥራ ከያዘ ገና ስምንት ወሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለሚውል ወገቡ መያዝ፣ ሆዱም መግፋት ጀምሯል። ስለዚህ ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ዘወትር ቅዳሜ ጧት በእንጦጦ ጫካ ውስጥ ሊሮጥ ተማክሯል። ደብዳቤውን የደመደመው ግን እንዲህ ሲል ነው፤ «ችግራችን አንድ ብቻ ነው፤ ጅብ እንፈራለን። ምን ይሻለናል?»

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ሳቅሁ፤ ወዲያውም ሳቄን ዋጥ አደረግሁት። የሳቅሁበት ምክንያት እኔም በጊዜዬ ከጅብ በቀር በተራራ ላይ ሌላ የሚያስፈራ ነገር ያለ የማይመስለኝ ሰው ስለ ነበርሁ ነው። የዋጥሁበትን ምክንያት ደግሞ አሁን እነግራችኋለሁ። ነገሩ የደረሰው በ2010 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ደምበጫ ላይ ነው።

ደምበጫን ለማታውቁ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ደብረ ማርቆስን አልፋችሁ፣ ፍኖተ ሰላም ከመድረሳችሁ በፊት የምታገኟት ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። በአጠገቧ የተምጫ ወንዝ ይወርዳል። በስተ ምሥራቅ የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ለብዙ ወንዞች እናት ሆኖ ተቀምጧል። በስተ ሰሜን በኩል ደግሞ አገሩ ወደ ደጋ ዳሞትና ወደ አመዳሚት ተራራ እየከበደ፣ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ከታች ጤፍና በቈሎ፣ ከላይ ገብስና ድንች ነው። በጥቅምት ዝናሙ ካባራ በኋላ ያንን አገር ጧት በእግሩ ያየ ሰው፣ ለምን እስከ ዛሬ በመኪና መስኮት ብቻ እያየሁት አለፍሁ ብሎ መቈጨቱ አይቀርም።

ለሁለት ሳምንት ሥራ ወደዚያ ሄጄ ሳለሁ ካረፍሁበት ቤት አጠገብ ከሚኖሩ ወጣቶች ጋር ተዋወቅሁ። ሁለቱ መምህራን ናቸው፤ አንዷ ሴት ስትሆን እግሯ ከሁላችንም የፈጠነ ነበር። አንዱ ጤና መኰንን ነው። አንዱ በወረዳው የገንዘብ መሥሪያ ቤት ገና የተቀጠረ ጸሓፊ ነው። የቀሩት ሁለቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። እነዚህ ስድስት ወጣቶች ዘወትር ቅዳሜ በስተ ሰሜን ያለውን ኰረብታ እየሮጡ ይወጡት ነበር። እኔም ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10,000 ሰዎች ከተጀመረ ወዲህ ሁለት ጊዜ ያህል የሮጥሁበት ሰው ስለ ሆንሁ፣ ራሴን ከሯጮች ወገን እቈጥር ነበርና «ሰባተኛ እሆናለሁ» አልኋቸው። በአስፋልት ላይ በሙዚቃ ታጅቦ 10 ኪሎ ሜትር መሮጥና ጭቃው ገና ያልደረቀ የፍየል መንገድ ሽቅብ መሮጥ አንድ እንዳልሆነ ማን በነገረኝ!

ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሣን። ብርዱ ጆሮ ይቈርጣል። ከከተማው ዳርቻ፣ ሥጋ ሻጮች አጥንትና አንጀት ከሚጥሉበት ገደል አጠገብ ስንደርስ የፊተኛው ሰው ባትሪውን ወደ ቀኝ አዞረና ቆመ። አራት አረንጓዴ ዓይኖች በጨለማው ውስጥ በሩ። «ጅብ ነው። አትሩጡ፤ ተጠጋግታችሁ ተራመዱ» አለ ጤና መኰንኑ ድምፁን ሳይለውጥ። እኔ ልቤ ወደ አፌ መጣች። ጅቡ ግን ራሱን ቀና አድርጎ፣ ልክ በምሳ ሰዓቱ ባለጉዳይ እንደ መጣበት ጸሓፊ አየንና ተመልሶ ወደ አጥንቱ አጐነበሰ። እኛም አለፍን። በቃ፤ ይኸው ነው።

እርግጥ ነው፣ ጅብ ሰውን ፈጽሞ አይነካም ማለቴ አይደለም። በየገጠሩ በተለይ ሕፃናትና ደጅ የተኙ ሰዎች የተጐዱበት ጊዜ አለ። ዳሩ ግን ጅብ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ አውሬ ስለ ሆነ፣ ከእርሱ በእግር ለማምለጥ መሞከር ትርፉ ድካም ብቻ ነው። የሚሮጥ ነገር ያየ አውሬ የማባረር ጠባዩ ይቀሰቀስበታል፤ ተሰብስቦ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ግን እምብዛም አያጓጓውም። ደግሞም በአገራችን ጅብ የሚኖረው በሰው ትራፊና በከብት ነው። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት አንድ ጥናት በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ታትሞ ነበር። ጥናቱ በትግራይ የጅብ ዓይነ ምድር እየተሰበሰበ በውስጡ የተገኘው ጠጉር የየትኛው እንስሳ እንደ ሆነ የተለየበት ነው። ታዲያ ምን ቢገኝ ጥሩ ነው? የአህያ ጠጉር ከዐቢይ ጾም በፊት 15 በመቶ ያህል የነበረው በጾሙ ጊዜ ወደ 33 በመቶ ከፍ አለ። ሰው ሥጋ ሲተው ቄራው ይደርቃል፤ ቄራው ሲደርቅ ጅቡ ወደ አህያ ይዞራል። እንግዲህ የእኛ ጾም ለአህያ ፍዳ ሆነባት ማለት ነው!

ወፍ ሲንጫጫ ወደ አንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ደረስን። በጐጃም የእርሻ አገር አውሬ ቤት ያለው ለማለት የሚቻለው በእነዚህ ደኖች ውስጥ ነው። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ሜዳ ሲሆን ጽዱ፣ ወይራውና ዋንዛው በአጥሩ ውስጥ ቆሟል። በቅርንጫፉም ላይ ጉሬዛዎች ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ጥቁር ካባ ላይ ነጭ ሻሽ የጣሉ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። ጉሬዛ አውራ ጣት የላትም ለማለት ይቻላል፤ ከመዳፏ ላይ ጉብ ያለች ነገር ብቻ ትታያለች። ቢሆንም ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትወረወር ስታ አትወድቅም። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሩፔል በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1835 ይህችን እንስሳ ለዓለም ባስታወቀ ጊዜ በሳይንስ መዝገብ ውስጥ ያስገባት እኛው በምንጠራት ስም ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ ይህን ስነግረው «ታዲያ እኛ የእንስሳት ሳይንስ ስናጠና ለምን ይከብደናል?» ብሎ አሳቀን።

ከዚያ በኋላ ዳገቱ መጣ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው 70 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ሰውነት ይህን የሚለምደው በቀናትና በሳምንታት እንጂ በአንድ ጧት አይደለም። በደጋ የተወለደ ሯጭ የሚመካበት ይህ ነው። ማሞ ወልዴ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ ማራቶን ሲያሸንፍ ከተማዋ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላት የቈላ አገር ሯጮች ትንፋሽ እያጠራቸው ነበር። እኔ ግን ማሞ ወልዴ አይደለሁም።

ሯጮቻችን በጫካ እንዴት እንደሚሮጡ አይታችሁ ታውቃላችሁን? በእንጦጦም ሆነ በሱሉልታ ጧት ብትወጡ በአንድ መስመር ተከታትለው፣ አንዱ የፊተኛውን እግር እያየ ሲሮጡ ታገኟቸዋላችሁ። መሪው በዛፎቹ መካከል ወዲህና ወዲያ እየተጠማዘዘ መንገድ ይመርጣል፤ ድንጋይ ወይም ጕድጓድ ሲያይ በእጁ ያመለክታል፤ ተከታዩም ለኋለኛው ያስተላልፋል። ማይክል ክራውሊ የተባለ እንግሊዛዊ የሰው ልጅ አኗኗር ተመራማሪ ከእነርሱ ጋር ከአንድ ዓመት በላይ እየሮጠ ኖሮ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2020 መጽሐፍ አውጥቷል። በጣም ያስደነቀውም ይኸው አብሮ የመሮጥ ልማዳቸው ነው። በኤውሮፓ ሯጭ ብቻውን ሰዓቱን እያየ መሮጥ ይወዳል፤ የእኛዎቹ ግን ብቻውን የሚሮጠውን ሰው ምን ነካው ብለው ያዩታል። የደምበጫዎቹ ወጣቶችም እንዲሁ በመስመር ነበር የሚሮጡት። መሪዋ መምህርቷ ናት፤ ኋለኛው በየሳምንቱ በተራ የሚመደብ ሰው ነው። ኋለኛው ፊሽካ ይይዛል፤ ከእርሱ በኋላ ማንም አይቀርም። ደንባቸው ይህ ነበር።

ይህን ደንብ ያፈረስሁት እኔ ነኝ።

ከዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ ዝንጀሮዎች ከገደሉ አፋፍ ወደ በቈሎው ማሳ ሲወርዱ አየን። ሠላሳ ይሆናሉ። ማሳውን የሚጠብቁ ሦስት ሕፃናት ከማማው ላይ ሆነው ወንጭፋቸውን እያስጮኹ ይከላከላሉ። አንዱ ልጅ ወደ እኛ ዞሮ «ጋሼ! ዳቦውን ደብቁት! ዳቦውን ደብቁት!» ብሎ ጮኸ። በእጃችን የያዝነውን ዳቦ በሸሚዛችን ውስጥ ሸሸግነው። አውራው ዝንጀሮ መንገዱ ላይ ተቀምጦ አፉን ከፍቶ ሲያዛጋ የጥርሱን ርዝመት አየሁ። ዝንጀሮ ሲያዛጋ እንቅልፉ መጥቶ እንዳይመስላችሁ፤ ሰይፉን ከሰገባው መዞ ማሳየቱ ነው። ዓይን ለዓይን አትዩት፤ በእናትና በግልገል መካከል አትግቡ፤ መንገዱን ልቀቁለት። እኛም ዞር ብለን አለፍን።

ታዲያ ያን ጊዜ ከጅቡም ከዝንጀሮውም ስላመለጥን ነው መሰለኝ፣ የጀግንነት ነገር ተሰማኝ። ዳገቱ ለጥ ሲል ጊዜ «እስቲ እስከዚያ ባሕር ዛፍ ድረስ እንሽቀዳደም!» አልሁ። ወጣቶች ናቸውና አንዱ ሲነሣ ሁሉም ተነሡ። የዚያን ዕለት የኋለኛነት ተራው የጸሓፊው ነበር። የፕላስቲክ ጫማው ማሰሪያ ተበጥሶበት ጐንበስ ብሎ ሲያስር እኛ ኰረብታውን ተሻግረናል። ፊሽካውን ነፍቶ ነበር አሉ፤ ነፋሱ ግን ከእኛ ወደ እርሱ ይነፍስ ስለ ነበር አልሰማንም። እውነቱን ለመናገር እኔ ብሰማም የምቆም አይመስለኝም፤ መምህርቷን ልቀድም ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

ከባሕር ዛፉ ሥር ቆመን ስንቈጠር ስድስት ሆንን። መምህርቷ ፊቷ ተለወጠ። ምንም ሳትናገር ወደ መጣንበት ቍልቍል ሮጠች፤ እኛም ተከተልናት።

ያገኘነው ከአንድ ቤት አጥር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው። የግራ እግሩን ባት ይዞ ይስቃል። «ውሻ ነው። ምንም አይደለም፤ ጥርሱ ነካ አድርጎኝ ነው» አለ። ሁለት የጥርስ ቀዳዳ፣ ጥቂት ደም፤ ከዚያ በላይ የሚታይ ነገር የለም። እኔም ጅብ አልበላውም ብዬ እፎይ ልል ነበር። ጤና መኰንኑ ግን «ውሻው ወዴት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ።

የቤቱ እመቤት ነጠላቸውን እያጣፉ ከጓሮ ወጡ። «ውይ ልጀን! ውይ ልጀን! ምነው ጓደኞችህ ጥለውህ ሄዱ?» አሉ። (ይህች ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች።) ቀጥለውም ውሻው የእርሳቸው እንዳልሆነ፣ የጎረቤት መሆኑን፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጠባዩ ተለውጦ ዶሮውንም እንጨቱንም እየነከሰ እንደ ዋለ ነገሩን። በዚህ ጊዜ አንድ ሽማግሌ መጥተው «አይዞህ ልጀ፤ መድኃኒቱን የሚያውቅ ሰው ከወንዙ ማዶ አለ። ሥሩን በወተት ይሰጥሃል፤ ወዲያው ትድናለህ» አሉት። ጸሓፊውም «እንዲያውም ቅርብ ነው፤ እዚያው ልሂድ» አለ። ጤና መኰንኑ እጅ ነሥቶ «አባባ፣ ስለ ደግነትዎ እግዜር ይስጥልን፤ አሁን ግን የምንፈልገው ሳሙና ነው» አላቸው።

እመቤቲቱ የልብስ ሳሙናና አንድ እንስራ ውሃ አመጡ። ጤና መኰንኑ ቍስሉን በሳሙና እያሸ ውሃ አፈሰሰበት። ሰዓት እንድይዝ ያዘዘው እኔን ነው፤ 15 ደቂቃ። እናንተዬ፣ 15 ደቂቃ ምን ያህል ረዥም እንደ ሆነ ያወቅሁት በዚያች ጧት ነው! በአምስተኛው ደቂቃ ላይ ሁላችንም በቃው እንል ነበር። ጸሓፊውም «የቈዳ መጫር ለሆነች ነገር ይህ ሁሉ ሰልፍ ምንድን ነው? ሰኞ እኮ የሒሳብ መዝጊያ ነው» እያለ ያጕረመርማል። ጤና መኰንኑ ግን እንስራው ባዶ ሲሆን ሌላ አስመጣ እንጂ አልተወውም።

አንባቢ ሆይ፤ ስለዚህ በሽታ ጥቂት ልንገርህ፤ የጫካውን አውሬ ሁሉ ረስተህ ይህን ብቻ ብትይዝ ይበቃኛል። የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው በታመመ እንስሳ ምራቅ ውስጥ ባለ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ከቍስሉ ተነሥቶ በነርቭ ላይ ቀስ እያለ ወደ አንጐል ይጓዛል። ጕዞው ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይፈጃል፤ በሳምንት ውስጥ የሚደርስበትም፣ ዓመት የሚቈይበትም ጊዜ አለ። ሰውን የሚያታልለው ይህ ነው፤ ቍስሉ ድኖ፣ ጠባሳው ጠፍቶ፣ ሰውየው ረስቶት ሳለ በሽታው ይነሣል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም ለማለት ይቻላል። ከወተት ጋር የተጠጣው ሥር አድኖታል የሚባለው ሰው፣ ብዙ ጊዜ የነከሰው ውሻ መጀመሪያውኑ ጤነኛ የነበረ ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ ለሰው የሚተላለፈውም ከ100 ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ ከውሻ ነው። ከሚነከሱት ውስጥ ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው።

ይህም ሆኖ የቫይረሱ ጕዞ ዘገምተኛ መሆኑ ለሰው ዕድል ይሰጠዋል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በኤውሮፓ አቈጣጠር በሐምሌ 1885 ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ ያዳነው በዚህ ዕድል ተጠቅሞ ነው፤ ቫይረሱ አንጐል ሳይደርስ ክትባቱ ቀደመው። ሳሙናና ውሃው ከቍስሉ አፍ ላይ ያለውን ቫይረስ ይቀንሳል፤ ክትባቱ ደግሞ የቀረውን ይቀድማል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

መድኃኒቱ በዚያን ዕለት በአጠገባችን ስላልተገኘ ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ወደ ሌላ ከተማ ሄድን። ገንዘቡን ሰባታችን አዋጣን፤ ከሁሉ የበለጠውን እኔ ከፈልሁ፤ መክፈልም ይገባኝ ነበር። የመጀመሪያው መርፌ በዚያው ምሽት ተወጋ። ቀጣዮቹ በቀጠሮ ነበሩ። ጸሓፊው በሁለተኛው ቀጠሮ ዋዜማ «እንግዲህ ደኅና ነኝ፤ አለቃዬንም ደጋግሜ ፈቃድ መጠየቅ አፈርሁ» አለ። በአራተኛው ቀን ግን አንድ ልጅ ከገበያ መጥቶ ውሻው መሞቱን ነገረን። ከዚያ በኋላ ስለ ፈቃድ ያነሣ የለም። እስከ መጨረሻው መርፌ ድረስ ጤና መኰንኑ እጁን ይዞ ወሰደው። ያ ሰው ዛሬ የልጆች አባት ነው።

በዚያ ሰሞን ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እየከለከለኝ አንድ ነገር ሳስብ ነበር። ወደ ተራራው ስንወጣ የዱር አውሬውን ስንፈራ፣ ጕዳቱ የመጣብን ከሰው ደጅ ነው። ኋላ ስጠይቅ እንደ ተረዳሁት ደግሞ የዱር አውሬውም የሚፈራው ይህንኑ ውሻ ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ቍጥሩ 500 ያህል ብቻ ነው፤ ከዚህም ከግማሽ የሚበልጠው በባሌ ተራሮች ይኖራል። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1991፣ በ2003ና በ2008 ባሌ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ነበር። በሽታው በገባበት ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች እስከ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ያለቁበት ጊዜ አለ። ያመጡት የእረኞች ውሾች ናቸው። ስለዚህም በ1995 የተቋቋመው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ሠራተኞች ቀበሮውን ለማዳን መንደር ለመንደር እየዞሩ ውሻ ይከትባሉ። በ2018 ደግሞ ክትባቱን በሥጋ ውስጥ ደብቆ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው ማብላት ተጀመረ።

ይህን የማወራው ከጐጃም ርቄ እንዳይመስላችሁ። ቀይ ቀበሮ በጮቄ ላይም ይኖር ነበር። ጓሳውና ጅብራው እየተመነጠረ ገብሱና ድንቹ ወደ ላይ ሲወጣ ቦታው ጠበበው፤ ዛሬ ተመራማሪዎች ከጮቄ የጠፋ አድርገው መዝግበውታል። እኛ በዚያች ጧት ከዳገቱ ጫፍ ሆነን ጮቄን በሩቅ አይተነው ነበር፤ ደመና ተጠምጥሞበት እጅግ ያምራል። ባዶነቱ ከሩቅ አይታይም።

እንግዲህ ወደ ደብዳቤው ጸሓፊ ልመለስ። ወዳጄ፣ ሩጥ። ጓደኞችህንም አትተዋቸው። ዳገት ስትወጡ እየተነጋገራችሁ መሮጥ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው፤ ቀንሱ፣ ባስ ሲል ተራመዱ፤ ዳገት ላይ መራመድ ነውር አይደለም። ጅብ ካያችሁ ተሰብሰቡና ተራመዱ። ሣሩ ረዥም ከሆነ እግራችሁ የሚያርፍበትን እዩ፤ እፉኝት ከመንገድ የምትሸሽ እባብ አይደለችም። ወደ ሰው ቤት ስትቃረቡ ግን ከጫካው ይልቅ ተጠንቀቁ። ሩጫችሁን አቁሙ፤ «ኧረ የቤት ጌቶች! ውሻ ያዙልን!» ብላችሁ ተጣሩ። ውሻው ከመጣ ጀርባችሁን አትስጡት፤ ጐንበስ ብላችሁ ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው ሁኑ፤ የአገራችን ውሻ ይህን ቋንቋ ያውቃል፤ መወርወር እንኳ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። በትር መያዝም አይከፋም። ከነከሳችሁ ግን ሳሙና፣ ውሃ፣ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት፤ በዚያኑ ዕለት። ጥርሱ ትንሽ ነው፣ ውሻው የጎረቤት ነው፣ ሰኞ ሥራ አለ የሚባለው ሁሉ አይሠራም። የሚቻል ከሆነ ውሻው ታስሮ ለ10 ቀን ይጠበቅ እንጂ ቶሎ አይገደል። 10 ቀን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ከቈየ ሲነክሳችሁ በሽታው በምራቁ ውስጥ አልነበረም ማለት ነውና፣ ሐኪሙ የቀረውን መርፌ ሊያስቀርላችሁ ይችላል። ያን ጊዜ ድረስ ግን መርፌው አይቋረጥ።

ሌላም አንድ ቃል ልጨምር። ይህን አንብባችሁ ወደ ደምበጫ ተራሮች ለመሄድ የምትነሡ ትኖሩ ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በዚያ አገር ግጭት ደርሶ ብዙ ሕዝብ ተጐድቷል፤ መንገዱም እንደ ዱሮው አልሆነም። ከዚያን ጊዜ ወዳጆቼ የአንዳንዶቹን ድምፅ ከሰማሁ ቈይቻለሁ። ስለዚህ መንገዱ ደኅና መሆኑን የአገሩን ሰው ሳትጠይቁ አትነሡ። እንጦጦ ለጊዜው ይበቃችኋል።

ከአደጋው ቀጥሎ በነበረው ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። እኔ ሃፍረቱም ድካሙም ይዞኝ አልነሣም ብዬ ነበር። መምህርቷ ከደጅ ቆማ «ጋሼ፣ ይነሡ እንጂ፤ ዛሬ ኋለኛው እርስዎ ነዎት» ብላ ፊሽካውን ሰጠችኝ። ተቀብዬ ወጣሁ። ጸሓፊው እግሩ ገና ስላልጸና አብሮን አልሮጠም፤ ግን ቤቱ አልቀረም፤ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላውን ይዞ፣ የሁላችንን ሹራብ በክንዱ ላይ ደርቦ ከከተማው ዳርቻ ድረስ ሸኘን። ከሦስት ሰዓት በኋላ ስንመለስ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። አንድ በአንድ ስናልፍ በጣቱ ይቈጥራል። እኔ ከሁሉ በኋላ እያለከለክሁ ደረስሁ።

«ስድስት» አለ። «ሞላችሁ።»